የታዘዘ ሥዕል ደራሲው ማን ነው? በቪዲዮ ጨዋታዎችና በቅጅ መብት ላይ የቀረበ ሂስ

የቪዲዮ ጨዋታ ብዙ ሙያዎች የሚገናኙበት የሥራ ውጤት እንደ መሆኑ መጠን ሥዕሉም፣ ሙዚቃውም፣ ታሪኩም፣ የተዋናዩ ድምፅም፣ የኮምፒዩተር ፕሮግራሙም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ባለሙያ አላቸው። ሕግ ይህን የተጣመረ ሥራ በቅጅ መብት ጥላ ሥር ያስገባው ያለ ክርክር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1982 «ስክራምብል» በተባለው ጨዋታ ምክንያት በአሜሪካ የይግባኝ ፍርድ ቤት በተካሄደው ሙግት፣ ምስሉ እንደ ተጫዋቹ እጅ ስለሚለዋወጥ ቋሚነት የለውም የሚል መከራከሪያ ቀርቦ ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን የምስሉና የድምፁ ዋና ክፍል ሳይለወጥ ተደጋግሞ የሚታይ መሆኑን ተመልክቶ ጨዋታው ሊጠበቅ ይገባዋል ሲል ወሰነ።

ዛሬ ጥያቄው መልኩን ለውጦ ተመልሷል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ቴክኒክ፣ ጥቂት ቃላት በጽሑፍ ሲታዘዝ፣ ሠዓሊ ቀናት የሚፈጅበትን ምስል በሰከንዶች ውስጥ ያወጣል። ጨዋታ አዘጋጅ ድርጅቶችም ወጪን ይቀንሳል በማለት ወደዚሁ እየተሳቡ ነው። ታዲያ የዚህ ሥዕል ደራሲ ማን ነው? በዚህ ረገድ የሚሰሙት አስተያየቶች በሁለት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው ወገን፣ ደራሲው ትእዛዙን የጻፈው ሰው ነው ይላል። ለዚህም የፎቶግራፍን ታሪክ በማስረጃነት ይጠቅሳል። እ.ኤ.አ. በ1884 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የኦስካር ዋይልድን ፎቶግራፍ ያነሣው ሳሮኒ ደራሲ መሆኑን ተቀብሏል፤ ካሜራው ማሽን መሆኑ መብቱን አላሳጣውም። እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2023 የቤጂንግ የኢንተርኔት ፍርድ ቤትም፣ ትእዛዞቹን በመምረጥና ደጋግሞ በማስተካከል ምስል ያስገኘ ሰው የቅጅ መብት አለው ሲል ፈርዷል።

ይህ ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ሆኖም ንጽጽሩ ሲመረመር ስንጥቅ ይታይበታል። ሳሮኒ የተከበረው የካሜራውን ቁልፍ በመጫኑ ሳይሆን፣ የባለ ፎቶውን አቀማመጥ፣ ልብሱን፣ ብርሃኑንና ጥላውን አስቦ በማደራጀቱ ነው። ትእዛዝ ጸሐፊው ግን ያንኑ ቃል ሁለት ጊዜ ቢሰጥ ሁለት የተለያዩ ሥዕሎች ይመጡለታል፤ መስመሩን የወሰነው እርሱ አይደለም። የአሜሪካ የቅጅ መብት ቢሮ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ባወጣው ሪፖርት፣ ትእዛዝ ብቻውን በውጤቱ ላይ በቂ ቁጥጥር አይሰጥም ያለውም ስለዚሁ ነው።

የተሻለው ንጽጽር ከራሱ ከጨዋታው ዓለም ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2006 በእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በገንዘብ የሚሠራ የፑል ጨዋታ ማሽንን አስመልክቶ በታየው ጉዳይ፣ ተጫዋቹ በስክሪኑ ላይ በተከታታይ ለሚታዩት ምስሎች ደራሲ አይደለም ተብሏል፤ ብልሃቱ የተጫዋች ብልሃት እንጂ የሠዓሊ አይደለምና። ደራሲነቱ የተሰጠው የጨዋታውን መልክና ደንብ ለነደፈው፣ ፕሮግራሙንም ለጻፈው ሰው ነው። ትእዛዝ ጸሐፊው ከሳሮኒ ይልቅ ለዚህ ተጫዋች ይቀርባል። እዚህ ላይ ግን አንድ ልዩነት አለ። የፑሉ ጨዋታ ፈጣሪ የጨዋታውን መልክ በራሱ ነድፏል፤ የአስተውሎቱ ማሽን ባለቤት ግን ማሽኑን ያስተማረው ሌሎች በሣሏቸው ስፍር ቁጥር በሌላቸው ሥዕሎች ነው። ደራሲነቱን ከትእዛዝ ጸሐፊው ነጥቆ ለእርሱ መስጠት አንዱን ስሕተት በሌላ መተካት ይሆናል።

ሁለተኛው ወገን፣ ሰው ያልፈጠረው ሥራ የማንም አይደለም ይላል። የአሜሪካ ቅጅ መብት ቢሮ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 «ዛርያ ኦቭ ዘ ዶን» በተባለው ባለ ሥዕል መጽሐፍ ላይ በሰጠው ውሳኔ፣ ጽሑፉንና የሥዕሎቹን አመራረጥና አደረጃጀት ሲጠብቅ ማሽን ያወጣቸውን ሥዕሎች ግን አልጠበቀም። የዋሽንግተን የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ደራሲ ሰው መሆን እንዳለበት አጽንቷል። በዚህ አመለካከት መሠረት ጨዋታውን በማሽን ሥዕል የሞላ ድርጅት ላም አለኝ በሰማይ ከማለት አያልፍም፤ ተፎካካሪው ሥዕሉን ቢወስድበት በሥዕሉ ላይ የሚከስበት የቅጅ መብት የለውም።

በመሠረቱ ይህ አቋም ትክክለኛ ነው፤ ግን ሙሉ አይደለም። አንደኛ፣ ሥራቸው ለማሽኑ ማስተማሪያ ስለ ዋለው ሠዓሊዎች የሚለው የለም። ሁለተኛ፣ የሰውና የማሽን እጅ በአንድ ጨዋታ ውስጥ ሲደባለቅ መደበቅን ያተርፋል። ቫልቭ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 ጀምሮ በ«ስቲም» የሽያጭ መድረኩ ላይ ጨዋታ የሚያቀርቡ ሁሉ የአስተውሎት አጠቃቀማቸውን እንዲያሳውቁ ጠይቋል፤ ይሁን እንጂ ማስታወቂያው የሚቆመው በአቅራቢው ቃል ላይ ነው። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ፣ ኮምፒዩተር ያወጣውን ሥራ አስፈላጊውን ዝግጅት ላደረገው ሰው ለ50 ዓመት ይሰጣል፤ ነገር ግን የአገሩ መንግሥት ራሱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ይህን ጥበቃ የማንሣት ሐሳብ ለሕዝብ አስተያየት አቅርቧል።

ሕግ የዘነጋውን በከፊል የሞላው የሠራተኛው ትግል ነው። ሳግ-አፍትራ የተባለው የአሜሪካ የተዋንያን ማኅበር በጨዋታ አዘጋጆች ላይ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የጀመረውን የሥራ ማቆም አድማ በሰኔ 2025 ያቆመው፣ የተዋናዩ ድምፅና አካል በዲጂታል ሲቀዳ ፈቃዱ እንዲጠየቅ የሚያደርግ ስምምነት ከተደረሰ በኋላ ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፣ የደራሲነት ጥያቄ የንብረት ብቻ ሳይሆን የእንጀራም ጥያቄ መሆኑ ነው።

ጉዳዩ ከኢትዮጵያ ትምህርት ቤት የራቀ አይደለም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲ የሚለው በአእምሮው ሥራውን ያመነጨውን ሰው ነው፤ ማሽን ስለሚያወጣው ሥራ ግን በግልጽ የደነገገው ነገር የለም። ስለሆነም ለትምህርት የሚውሉ ጨዋታዎችንና ሥዕሎችን የሚያሠራ ዕቅድ አውጪ፣ ከማሽን የተገኘው ክፍል ተለይቶ እንዲመዘገብና የሠራተኞቹ ረቂቅ እንዲጠበቅ በውሉ ውስጥ ቢያስገባ፣ ነገ የኔ ነው የሚለውን ሥራ በማስረጃ ለማስከበር ይችላል። መምህሩም ተማሪው ያመጣውን ሥዕል ከመንቀፉ ወይም ከማድነቁ በፊት፣ የትኛውን ክፍል እንደ መረጠ፣ የትኛውን እንዳረመና ለምን እንዳረመ ቢጠይቀው፣ ፍርድ ቤቶቹ የሚከራከሩበትን ቁም ነገር በክፍል ውስጥ አስተማረ ማለት ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ተማሪ ሥዕሉ ከማሽን ቢነሣም የራሱን ድርሻ ለይቶ ያውቃል፤ መልስ የሌለው ግን ገና ተጫዋች እንጂ ደራሲ አልሆነም።