ወል ማክሮ ስምን ይቆጥባል ወይስ ያዛውራል?

«ረስት» በተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ፣ ልዩ ልዩ ስብስቦችን በአንድ ወል ማክሮ ለመጻፍ የሚቀርበው ንድፍ የስያሜ ሊቃውንትንም የሚመለከት ጥያቄ ያነሣል። ጥያቄውም፣ አንድ ጠቅላላ ስም የብዙ ልዩ ስሞችን ሥራ ሊሠራ ይችላልን? የሚል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 የቋንቋው 1.0 እትም ሲወጣ፣ ተርታ ዝርዝርን በቀጥታ የሚያስጽፈው «ቬክ!» የተባለው ማክሮ አብሮ ነበረ፤ ቁልፍንና ዋጋን ለሚያጣምረው «ሀሽማፕ» ግን አቻ አልተሰጠውም። ስለዚህ ለሁሉም የሚበቃ አንድ ማክሮ መታሰቡ አያስደንቅም።

ይሁን እንጂ የንድፉ ድካም ከማክሮው ጠባይ ይመነጫል። ማክሮ የሚያየው የተጻፉትን ምልክቶች እንጂ ዓይነታቸውን አይደለም። በቁልፍና በዋጋ መካከል ቀስት ቢያገኝ ጥንዶች መሆናቸውን ይለያል፤ ጥንዶቹ በሀሽማፕ ይግቡ ወይስ ቁልፎችን በቅደም ተከተል በሚይዘው «ቢትሪማፕ» ይግቡ የሚለውን ግን አያውቅም። ውሳኔውን ለኮምፓይለሩ ይተዋል፤ ኮምፓይለሩም ከዐውዱ ካልተረዳ፣ ዓይነቱ ይገለጽ ብሎ ለጸሐፊው ይመልሰዋል።

ይህን የአማርኛ ልማድም ያስረዳል። «መንጋ» ሲባል ከብት ወይም በግ፣ «ነዶ» ሲባል የታጨደ እህል ይታሰባል፤ «ስብስብ» ሲባል ግን «የምን?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ጠቅላላው ስም ልዩውን ስም ወደ ሌላ ቦታ አዛወረው እንጂ አላስቀረውም። ስለሆነም እ.ኤ.አ. በ2021 በ1.56 እትም የተጨመረውን፣ «ሀሽማፕ» ብሎ ዓይነቱን ከጠራ በኋላ ጥንዶቹን ከድርድር የሚቀበለውን ስልት እንመርጣለን።

ስለ ስያሜዎቹ ደግሞ የምንለው አለን። «ጄኔሪክ» የሚለውን «ጠቅላላ» ብንለው ድምርን ያሳስባል፤ ከሰዋስው «ወል ስም» የለመድነው «ወል» ይሻላል። «ሊተራል» የሚለውንም «ቃል በቃል» ማለት የትርጉምን ስልት ከዚህ ነገር ጋር ያደባልቃል። «እንዳለ» ማለትም አያስኬድም፤ ሦስት ጥንዶች ተጽፈው ሁለቱ አንድ ዓይነት ቁልፍ ቢኖራቸው፣ ሀሽማፑ ያለ ማስጠንቀቂያ ከሁለቱ አንዱን ጥሎ ሁለት ጥንዶች ብቻ ያስቀራልና። የተጻፈውና የተቀመጠው ሊለያዩ ስለሚችሉ፣ ስያሜው ስለ አጻጻፉ ብቻ የሚናገር «ቀጥተኛ ጽሕፈት» እንዲሆን እናሳስባለን። ወል ማክሮ የሚያዘጋጅም ሰው ይህን የቁልፍ መደጋገም በመግለጫው ውስጥ በግልጽ ሊጽፈው ይገባል።