ከእጅ የሚወጣበት ሕግ፦ የሜክሲኮ ጭምብል፣ የኮንሶ ዋካ እና የሰብሳቢው መብት

በኖቬምበር 7 ቀን 1952 (እዚህ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በሜክሲኮ ሲቲው አሬና ኮሊሴዮ ሁለት ጭምብል ለባሾች ጭምብላቸውን አስይዘው ተፋለሙ። ባለብር ጭምብሉ ኤል ሳንቶ አሸነፈ። ብላክ ሻዶው ጥቁር ጭምብሉን አወለቀ፤ ስሙ አሌሃንድሮ ክሩስ መሆኑም ለሕዝብ ታወቀ። ያ ጨርቅ እስከዚያ ምሽት ድረስ የአንድ ሰው ፊት ነበር። ከዚያ በኋላ እጅ በእጅ የሚተላለፍ ዕቃ ሆነ። የሜክሲኮን የጭምብል ትግል መታሰቢያዎች ዕድሜ ልኩን የሚያሳድድ አፍቃሪ ሥራ ያገኘው ከእንዲህ ያለው ምሽት ነው። ሰብሳቢ የሌላ ሰው ፊት የነበረውን ነገር መደርደሪያው ላይ ለማኖር መብት የሚያገኘው ከየት ነው? ፍቅሩ ብቻ ይበቃዋል?

ጥያቄውን የማነሳው ከኡራን በኩል ነው። ኡራን በኬንያ ማርሳቢት ካውንቲ፣ በሞያሌ የምርጫ ክልል ውስጥ ያለች የቦረናዎች አገር ናት። ከሜክሲኮ ጋር ምን አገናኛት የሚል አንባቢ ጥቂት ይታገሠኝ።

በሳተላይት ዲሽ ዘመን ያደገ ከተሜ የአሜሪካኑን ሬስሊንግ ስለሚያውቅ የሜክሲኮውን ትግል፣ ሉቻ ሊብሬን፣ ለማስተዋወቅ ብዙ ሐተታ አያሻም። ውጤቱ አስቀድሞ ይመከርበታል፤ ዝላዩና ውድቀቱ ግን አጥንት ይሰብራል። የሜክሲኮው ትግል የዚሁ የሥጋ ዘመድ ነው። ሳልቫዶር ሉተሮት በ1929 በቴክሳሷ ኤል ፓሶ ትግል አይቶ ተማረከ፤ በሴፕቴምበር 21 ቀን 1933 በሜክሲኮ ሲቲ የራሱን ድርጅት የመጀመሪያ ዝግጅት አሳየ። ጭምብሉን በቀጥታ ከአዝቴክ ተዋጊዎች የሚያስወርደው የቱሪስት መጽሔት ወግ ብዙም አያሳምነኝም። እጅ የሚጨበጥበት ታሪክ የጫማ ሰሪ ታሪክ ነው። በ1930ዎቹ አንድ አሜሪካዊ ተፋላሚ ከሊዮን ከተማ የመጣውን ጫማ ሰሪ ዶን አንቶኒዮ ማርቲኔስን ፊት መሸፈኛ እንዲሠራለት ጠየቀው። ባለሙያው የሰውየውን ራስ ልክ እንደ እግር ለክቶ፣ ቆዳ ቆርጦ፣ ከኋላ በክር የሚታሰር ጭምብል ሰፋለት። ቤተሰቡ ሙያውን ወርሶ ቀጠለ፤ ቆዳው በጊዜ ብዛት ለሳቲንና ለሚለጠጥ ጨርቅ ቦታውን ለቀቀ። ይህ ጅማሬ ለክርክሬ አስፈላጊ ነው፤ ጭምብሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በትእዛዝ የሚሰፋ፣ ዋጋ የሚከፈልበት የእጅ ሥራ ነበር።

የሰብሳቢውን ዓለም ለመረዳት ቴሌቪዥን የፈጠረውን ክፍተት ማየት ይጠቅማል። በ1950ዎቹ አጋማሽ ትግሉ ከሜክሲኮ ሲቲ ቴሌቪዥን ታገደ፤ እገዳው እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ቆየ። አፍቃሪው ጀግኖቹን ለማየት ወይ አሬና መሄድ፣ ወይ ሲኒማ ቤት መግባት፣ ወይ መጽሔት መግዛት ነበረበት። ሆሴ ጉዋዳሉፔ ክሩስ ከ1952 ጀምሮ ኤል ሳንቶን በፎቶ ቅንብር የሚተረክ ተከታታይ የሥዕል መጽሔት ጀግና አደረገው። ሰውየው ራሱ ከ50 በላይ ፊልሞች ላይ ተጫወተ፤ ከቫምፓየር ሴቶች ጋር ሳይቀር ታገለ። የአሬና ትኬቶች፣ የግድግዳ ማስታወቂያዎች፣ የሳምንቱ መጽሔቶችና በየገበያው የሚቸረቸሩት እጅና እግራቸው የማይንቀሳቀስ የፕላስቲክ ተፋላሚዎች የዚህ ዘመን ቅሪቶች ናቸው። ዛሬ በሰብሳቢዎች እጅ ያለው አብዛኛው ሀብት የተጠራቀመው ምስሉ በየቤቱ በነጻ ስላልገባ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚፈለገው ግን ጭምብሉ ነው፤ ጭምብልም ጭምብልን አይመስልም። በአሬናው በር ላይ ለልጆች የሚሸጠው አንድ ነገር ነው፤ ተፋላሚው ለብሶት ላብ ያጠጣው ሌላ። ጠቢብ ሰብሳቢ ስፌቱን ይመረምራል፤ የዓይኑ ቀዳዳ የተቆረጠው ለማን ፊት እንደሆነ፣ ክሩ በተጋጣሚ ጥርስና ጥፍር ተበጥሶ እንደሆነ፣ የደም ነጠብጣቡ በዘመኑ መጽሔት ፎቶግራፍ ላይ ካለው ቦታ ጋር ይገጥም እንደሆነ ያስተያያል። ስለዚህ አሮጌው መጽሔት ራሱ መታሰቢያ ከመሆኑም በላይ የጭምብሉ ምስክር ነው። የእኛ አገር የብራና አዋቂ አንድን ድርሳን በቀለሙና በጥራዙ ዘመኑን እንደሚለየው ማለት ነው። ይህን ሥራ የትርፍ ጊዜ ቅብጠት ብሎ የሚያናንቅ ምሁር ሙዚየሞች ብዙ ጊዜ ያልሠሩትን የመዝገብ ሥራ አማተሮች እንደሠሩት ረስቷል።

ስለ ትግል ትርኢት የተጻፈ ሁሉ የሚጠቅሰው ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሮላን ባርት በ1957 ባሳተመው «ሚቶሎጂ» ውስጥ የፈረንሳይን የትግል ትርኢት የመልካምና የክፉ፣ የስቃይና የፍርድ ትያትር አድርጎ አንብቦታል፤ ተመልካቹ ግጥሚያው እውነት ይሁን ሐሰት ግድ የለውም ይላል። ትንተናው ውብ ነው፤ ሜክሲኮ ላይ ሲደርስ ግን ይጎድላል። እዚያ የጭምብል ውርርድ አለ። ፍልሚያው የተመከረበት ቢሆንም የተሸነፈው ሰው ጭምብሉ ይወሰዳል፤ እውነተኛ ስሙ፣ የተወለደበት ቦታና በሙያው የቆየበት ዘመን ለሕዝብ ይነገራል፤ ያንን ጭምብል መልሶ መልበስ አይፈቀድለትም። በ2000 በአሬና ሜክሲኮ ቪያኖ ሦስተኛ በአትላንቲስ ተሸንፎ ለሦስት አሥርት ዓመታት ገደማ የኖረበትን ጭምብል ሲያወልቅ፣ ያ ትያትር መጋረጃው ሲዘጋ አላበቃም። ሰውየው በማግስቱ የወጣው ሌላ ፊት ይዞ ነው። የባርት ተመልካች የሚያየው ምልክት በዚያው ምሽት ይበናል፤ የሜክሲኮው ምልክት ግን ዕቃ ትቶ ይሄዳል። ሰብሳቢ የሚገባው በዚህ በኩል ስለሆነ፣ ከባርት ይልቅ ስለ ስጦታና ስለ ልውውጥ የጻፉት አንትሮፖሎጂስቶች ይጠቅሙናል።

አኔት ዋይነር በ1992 ባወጣችው መጽሐፍ ማንኛውም ማኅበረሰብ ለልውውጥ የሚያቀርበውና ከልውውጥ የሚያግደው ሀብት እንዳለው፣ ማንነቱን የሚሸከመውም የታገደው መሆኑን አሳይታለች። ጭምብሉን በዚህ መነጽር ስናየው ከባለቤቱ የሚለይባቸው የታወቁ በሮች አሉት። አንደኛው ውርርዱ ነው፤ አሸናፊ ይወስደዋል። ሌላው ውርስ ነው፤ የኤል ሳንቶ ልጅ ከ1982 ጀምሮ የአባቱን ስምና የብር ጭምብል ይዞ ተፋልሟል። የመጨረሻው የተፋላሚው ፈቃድ ነው፤ ደርዘን ጭምብል ያሰፋል፣ ይለብሳል፣ ይፈርምበታል፣ ይሰጣል ወይም ይሸጣል። ሚል ማስካራስ ጭምብል በመቀያየር ራሱ ነው ዝናውን የገነባው። የተዘጋ በርም አለ። ኤል ሳንቶ በጃንዋሪ 1984 በቴሌቪዥን ቀርቦ የፊቱን ከፊል ገለጥ አደረገ፤ በፌብሩዋሪ 5 ቀን ሞተ፤ ጭምብሉን እንደለበሰ ተቀበረ። የፎቶግራፍ ባለሙያዋ ሉርዴስ ግሮቤት ተፋላሚዎችን በየሳሎናቸው፣ ከሚስትና ከልጆቻቸው ጋር፣ ጭምብላቸውን ሳያወልቁ ነው ያነሳቻቸው። ሥራዎቿን ያየ ሰው የኤል ሳንቶ ጭምብል ለምን ወደ መቃብር እንደወረደ አይጠፋውም።

እንግዲህ ወደ ኡራን። የቦረና የገዳ ሥርዓት፣ አስመሮም ለገሠ በ1973 ባሳተመው ጥናት ለዓለም ምሁራን እንዳስተዋወቀው፣ ሥልጣንን በየስምንት ዓመቱ ከትውልድ ወደ ትውልድ ያሸጋግራል። በ2025 በኢትዮጵያ በኩል ባለችው አሬሮ 72ኛው አባ ገዳ ሥልጣን ሲረከቡ የሰጎን ላባ በራሳቸው ላይ ተደርጎላቸዋል፤ ከኬንያ በኩል የመጡ ቦረናዎችም በሥርዓቱ ላይ ነበሩ። በሥርዓት ቀን በባለማዕረጎች ግንባር ላይ የሚታሰረው ከለቻ የሰውየውን የግል ፊት ሸፍኖ የማዕረግ ፊት ይሰጠዋል። በዚህ ከጭምብሉ ጋር ዝምድና አለው፤ በአንድ ነገር ግን ፈጽሞ ይለያል። ከለቻን ማንም ተወራርዶ አይበላውም፤ ለአድናቂ ተፈርሞ አይሰጥም። እንቅስቃሴው ሁሉ በሥርዓቱ ውስጥ ነው። ስለዚህ በአንድ የአውሮፓ ከተማ ጨረታ ላይ «የምሥራቅ አፍሪካ የግንባር ጌጥ» ተብሎ ከለቻ ሲቀርብ ከማን፣ በማን ፈቃድ ተገኘ ብሎ መጠየቅ ግዴታ ነው። ጌጥ መባሉ ራሱ ሥርዓቱን ከታሪኩ ፍቆ ማውጣት ነው።

ጉዳዩ ከቦረና በስተምዕራብ፣ በኮንሶ ይበልጥ ይጠነክራል። የኮንሶ ዋካ ለጀግናና ለታላቅ ሰው መታሰቢያ ከእንጨት ተጠርቦ የሚቆም ሐውልት ነው፤ ሟቹ መካከል ላይ፣ ሚስቶቹና ድል ያደረጋቸው ጠላቶች ወይም አውሬዎች በዙሪያው። በሟቹ ግንባር ላይ የከለቻ ቅርጽ ይቀረጻል። ይህ በሙሉ ትርጉሙ የድል መታሰቢያ ነው፤ እንደ ብላክ ሻዶው ጭምብል አሸናፊና ተሸናፊ አለበት። ሆኖም ዋካዎች ከተተከሉበት እየተነቀሉ ለቱሪስትና ለዕቃ ነጋዴ ተሸጡ። ከሌቦች እጅ የተረፉትን ለማሰባሰብ ካራት ከተማ ላይ ሙዚየም ተሠራ። የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። መቅደላን እዚህ ላይ የማላነሳው ሆን ብዬ ነው፤ የጦር ዘረፋ ክፋቱ ለማንም ግልጽ ነው። ዋካ የጠፋው ግን በሰላም ጊዜ፣ በገንዘብ፣ «እንወደዋለን» በሚሉ ሰዎች ፍላጎት ነው።

በኬንያ የባሕር ዳርቻ ሚጂኬንዳዎች ለሟች አባቶቻቸው የሚያቆሟቸው የእንጨት መታሰቢያዎች፣ ቪጋንጎ፣ ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶባቸዋል። እየተሰረቁ በአሜሪካ ሙዚየሞችና በሆሊዉድ ሰዎች ቤት ተገኙ። በ1985 ከአንድ ቤተሰብ የተሰረቁ ሁለት ቪጋንጎ በ2007 ወደ መንደራቸው ተመልሰዋል። ሰብሳቢዎች ብዙ ጊዜ የሚያቀርቡት መከላከያ «እኛ ባንወስደው ምስጥ ይበላው ነበር» የሚል ነው። መከላከያው ደካማ ነው። ቪጋንጎ በቆሙበት እንዲበሰብሱ ነው የሚተዉት፤ መበስበሳቸው የሥርዓቱ ክፍል ነው። የኤል ሳንቶን መቃብር ቆፍሮ ጭምብሉን «ከመበስበስ አዳንኩት» የሚል ሰው ቢመጣ በሜክሲኮ ማንም አያመሰግነውም።

ፍርዴ እንግዲህ ይህ ነው። የሉቻ ሊብሬ ሰብሳቢ ትክክለኛነቱን የሚያገኘው ከፍቅሩ ጥልቀት አይደለም፤ የዋካ ገዥም ይወድ ነበር። የጭምብል ሰብሳቢው ትክክል የሚሆነው ባለቤቶቹ ራሳቸው ከእሱ በፊት ባበጁት በር ከገባ ነው። ይህም ለሜክሲኮው ሰብሳቢ የምስክር ወረቀት አይሆንለትም። በውርርድ የተወሰደ ጭምብል የሚገባው ለአሸናፊው ነው፤ በሦስተኛ ሰው መደርደሪያ ላይ እስኪደርስ የተጓዘው መንገድ መነገር አለበት። አርጅቶ ጉልበቱ የከዳው ተፋላሚ ለመድኃኒት መግዣ የሸጠው ጭምብል በፈቃድ ወጣ ይባላል ወይ? ሕጉ አዎ ሊል ይችላል፤ እኔ እጠራጠራለሁ። የሜክሲኮ ሲቲ አስተዳደር ሉቻ ሊብሬን በ2018 የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ ብሎ ሲያውጅ ትርኢቱን አክብሯል፤ አዋጁ የማይዳሰሰውን እንጂ የሚዳሰሰውን ዕቃ ጉዞ አይከተልም።

በእኛ በኩል ሕግ የለም አይባልም። በኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/2000፣ በኬንያ የ2006 የብሔራዊ ሙዚየሞችና ቅርስ ሕግ አሉ። ከኡራን አካባቢ ተነስቶ ሞያሌን የሚሻገር አንድ ከለቻ በአንድ ቀን በሁለቱም ሕጎች ሥር ያልፋል። ሁለቱም ግን በቅድሚያ የሚጠይቁት የመንግሥትን ፈቃድ ነው፤ ከዚያ በፊት መጠየቅ ያለበት የባለሥርዓቱ ፈቃድ ነው። ለካራት ሙዚየም፣ ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየምና ለማርሳቢት ካውንቲ የባህል ሠራተኞች የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፦ በዕቃ መዝገባችሁ ላይ ከስፋቱ፣ ከቁመቱና ከተሠራበት እንጨት አጠገብ ሌላ ዓምድ ክፈቱ። ዕቃው በባለቤቶቹ ሥርዓት መሠረት ከእጅ መውጣት ይችል እንደነበርና ማን ፈቅዶ እንዳወጣው፣ ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ጠይቃችሁ ጻፉበት።