ስለ «ጌም ኤንድ ዎች» ታሪክ ምንጮች የቀረበ ትችት

የኤሌክትሮኒክ መጫወቻ ታሪክ ለከፍተኛ ትምህርት ቤት ምርምር የሚበቃ ነገር አይደለም የሚሉ ጓደኞች አሉን። እኛ ግን ምንጭን መመርመር የምንለማመደው በነገሥታት ዜና መዋዕል ብቻ መሆን አለበት ብለን አናምንም። ስለዚህ በዚህ አጭር ጽሑፍ የጃፓኑ የኒንቴንዶ ኩባንያ በ1980 ኤፕሪል 28 ቀን «ቦል» በተባለው ጨዋታ ስለ ጀመራት የኪስ መጫወቻ፥ ስለ «ጌም ኤንድ ዎች»፥ የተጻፈው ታሪክ በማን ምስክርነት ላይ እንደ ቆመ እንመለከታለን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ስለዚህች መጫወቻ ያነበበ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ወሬ አለ። የኩባንያው መሐንዲስ ሚስተር ጉንፔ ዮኮይ በፈጣኑ ባቡር ተሳፍረው ሲሄዱ አንድ የቢሮ ሠራተኛ ጊዜውን ለመግፋት የኪስ ካልኩሌተሩን ቁልፎች ሲነካካ ያያሉ፤ ትልቅ ሰው ሳያፍር ጭኑ ላይ አድርጎ የሚጫወትበት ትንሽ ነገር ቢኖር ብለውም ያስባሉ። ኋላም የኩባንያውን ፕሬዚዳንት የሚስተር ሂሮሺ ያማኡቺን መኪና ሲነዱ ሐሳቡን ያጫውቷቸዋል። ፕሬዚዳንቱም በአንድ ስብሰባ ከሻርፕ ኩባንያ ፕሬዚዳንት አጠገብ ተቀምጠው ነገሩን ያነሡታል፤ ሥራውም ይጀመራል።

ወሬው ያማረ ነው፤ ሐሰት ነውም አንልም። ነገር ግን ተራኪው ማን ነው? ራሳቸው ሚስተር ዮኮይ ናቸው። ይህንንም በሰፊው የተረኩት አንድ ጸሐፊ እየጠየቃቸው በ1997 በታተመው መጽሐፍ ነው፤ ይኸውም «ቦል» ለገበያ ከዋለ ከ17 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 4 ቀን በመኪና አደጋ ስለሞቱ ዳግመኛ የሚጠይቃቸው አልተገኘም። እኛም ጃፓንኛ ስላልተማርን ቃላቸውን ያገኘነው ሌሎች ተርጉመው ከጠቀሱት ነው፤ ይህ የሥራችን ጉድለት መሆኑን አንሰውርም። ከዚያ ወዲህ የወጡት ጽሑፎች ብዙ ናቸው፤ ስለ ባቡሩ የሚሉትን ግን ወደ ኋላ ብንከተለው የሚያደርሰን ወደዚያው ወደ አንዱ አፍ ነው። አፈ ታሪክ ስንሰበስብ የአንዱን ሽማግሌ ቃል የደገሙትን ሁሉ እንደ ልዩ ልዩ ምስክር ብንቈጥር መምህራኖቻችን ዝም አይሉንም ነበር።

ሁለተኛው ምንጭ በ2010 የኒንቴንዶ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሚስተር ሳቶሩ ኢዋታ የቀድሞዎቹን ሠራተኞች ጠይቀው ያወጡት ቃለ ምልልስ ነው። ጠያቂው አለቃ፥ ተጠያቂው የቤቱ ሰው ስለሆነ ከዚህ ስለ ኩባንያው ስሕተት መጠበቅ የዋህነት ይሆናል። ስለ አሠራሩ ግን ከሁሉ የተሻለ ሆኖ አግኝተነዋል። ባለ 8 አኃዝ ካልኩሌተር እያንዳንዱን አኃዝ በ7 ጭረት ስለሚሥል 56 ጭረቶች አሉት፤ ነጥብና ምልክት ሲጨመር ጥቂት ከፍ ይላል። የ«ቦል» ሥዕሎች፥ የሰውየው ክንዶችና የሚወረውራቸው ኳሶች ሳይቀሩ፥ የካልኩሌተሩ ቺፕ ከሚችለው ቁጥር እንዳያልፉ ተደርገው የተመደቡ ናቸው።

መሣሪያዋም ስትከፈት ይህንኑ ትመሰክራለች። በውስጧ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ያሉ ሁለት ትናንሽ ባትሪዎች፥ ባለ 4 ቢት የሻርፕ ቺፕ፥ ሥዕሎቹ አስቀድመው የተቀረጹበት የፈሳሽ ክሪስታል መስታወት አሉ። ሻርፕና ካሲዮ በካልኩሌተር ገበያ ብርቱ ፉክክር ስላደረጉ የእነዚህ ዕቃዎች ዋጋ እጅግ ወርዶ ነበር። እንግዲህ ባቡሩ ባይኖር እንኳ ፋብሪካው ነበረ። በአሜሪካም የሚልተን ብራድሊ ኩባንያ ካርትሪጁ የሚለወጥ፥ በፈሳሽ ክሪስታል የሚሠራ «ማይክሮቪዥን» የተባለ የእጅ መጫወቻ በ1979 ለገበያ አውጥቶ ነበር፤ የባቡሩን ወሬ የሚደግሙ ግን ይህን እምብዛም አያነሡትም። የአንድ ሰው ብልሃት ሲወደስ ስማቸው ያልተጻፈ የሻርፕ መሐንዲሶች ድርሻ መረሳቱ ቅር ያሰኘናል።

በቁጥሩም ቢሆን ጥንቃቄ ያሻል። የተሸጡት በጠቅላላው 43.4 ሚሊዮን መሆናቸውን ኩባንያው አስታውቋል። የጨዋታዎቹን ዓይነት ግን አንዳንዱ 59፥ አንዳንዱ 60 ይላል። ልዩነቱ በ1987 በውድድር ለተሸለሙ ሰዎች በ10,000 ቁጥር ተሠርታ የተሰጠችው፥ በሱቅም ያልተሸጠችው ባለ ቢጫ ሣጥን «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» ናት። ሁለቱም አቈጣጠር ያስኬዳል፤ ካነበብናቸው ጸሐፊዎች ግን አብዛኞቹ በየትኛው እንደ ቈጠሩ አልነገሩንም።