«ማን ነው?» ከሚለው ጥያቄ ባሻገር፦ ሦስት ተወዳጅ ልቦለዶች ዳግም ሲነበቡ

በፒያሳ ካፌዎች ስለ ልቦለድ ጨዋታ ሲነሣ አንድ ጥያቄ ሌሎቹን ሁሉ ይቀድማል፦ «ይሄ ገጸ ባሕርይ በእውኑ ማን ነው?» የበዓሉ ግርማ «ደራሲው» ልቦለድ ዋና ገጸ ባሕርይ ሲራክ፣ ደራሲው ስብሐት ገብረእግዚአብሔር እንደሆነ ይወራል። የ«ኦሮማይ» ባለሥልጣናት ከደርግ ሹማምንት ጋር አንድ በአንድ ይጣመራሉ። የ«ዴርቶጋዳ»ው ኢንጂነር ሻጊዝ ከጠፈር ሳይንቲስቱ ከቅጣው እጅጉ ጋር ይያያዛል። ይህ ዳሰሳ «ኦሮማይ»ን፣ «ሌቱም አይነጋልኝ»ንና «ዴርቶጋዳ»ን ዳግም አንብቦ የሚሟገተው ስለዚሁ ጥያቄ ነው፦ ለመጻሕፍቱ ብዙ አንባቢ አፍርቶላቸዋል፤ የአንባቢውን ፍርድ ግን አቀጭጮታል።

ጥያቄው ያለ ምክንያት አልተወለደም። በሳንሱር ዘመን ጋዜጣ ያልደፈረውን ነገር አንባቢ ከልቦለድ ይጠብቅ ነበር። የ«ኦሮማይ» ደራሲ በዓሉ ግርማ ራሱ ከጋዜጠኝነት ተነሥቶ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ኃላፊ እስከ መሆን የደረሰ ሰው ነው፤ ደርግ በኤርትራ ያካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻም አሥመራ ላይ በቅርብ ተከታትሏል። «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. የገባበት ጠፋ። መጽሐፉን የከለከሉት ሰዎችም ያነበቡት «ማን ነው?» እያሉ ነበር። ገጸ ባሕርይን ከሰው የማይለይ ንባብ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

የ«ኦሮማይ» ጥንካሬ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። ተራኪው ጸጋዬ ኃይለማርያም ቃል እንጀራው የሆነ ጋዜጠኛ ነው፤ ዘመቻውን ለሕዝብ የሚያሳምረው እሱ ነው። ከፊያሜታ ጋር ያለው ፍቅር ሲጠና፣ ሲያሰማው የኖረው የዘመቻ ቋንቋ ለራሱም ባዶ ይሆንበታል። በልቦለዱ ያለው የስለላ ሴራና ፍቅሩ እርስ በርስ ስለተጠላለፉ አንዱ ሲናጋ ሌላውም አብሮ ይናጋል፤ ፈጣኑ ምልልስም ለዚህ ውጥረት ያገለግላል። በ2017 ዓ.ም. ልቦለዱ በእንግሊዝኛ ታትሞ ደርግን በታሪክ መጽሐፍ እንኳ እምብዛም የማያውቅ አንባቢ እጅ ገብቷል። እንዲህ ያለው አንባቢ ሹማምንቱን በስም ሳያውቅ የጸጋዬን መሰበር ይረዳል። መጽሐፉ በራሱ እግር ይቆማል።

«ሌቱም አይነጋልኝ» የአራዳ ጉዳይ ነው። ስብሐት የጻፈው ስለ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ማለትም ስለ ውቤ በረሃ የቡና ቤት ሌሊቶች ነው። ጽሑፉ ለኅትመት ሳይበቃ ለዓመታት በእጅ ሲዘዋወር ኖሯል፤ በፈረንጆች 2004 በፈረንሳይኛም ወጥቷል። አንዱ አንባቢ የትኛው ቡና ቤት፣ የትኛዋ ሴት እያለ ይመረምራል፤ ሌላው ብልግናው ላይ ቆሞ ይቀራል። ሁለቱም ትልቁን ነገር ያልፉታል። ስብሐት በጊዜው ልቦለዶች የመታዘኛ ወይም የመገሠጫ ምሳሌ ብቻ ለነበሩት ሴቶች አንደበት ሰጥቷል። ይስቃሉ፣ ይደራደራሉ፣ ይሰለቻሉ፤ ደራሲው በመካከል ገብቶ አይሰብክም። ጉድለቱም መነገር አለበት፦ ሌሊቱ ገንኖ ቀኑ ጠፍቷል። በዚያው ሰፈር ልጅ ያሳደጉ፣ ጉልት የቸረቸሩ፣ ጊዮርጊስን የተሳለሙ እናቶች ከመጽሐፉ ዳር ቀርተዋል።

በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ የፒያሳ ሰፊ አካባቢ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ይህ ጉድለት ይበልጥ ከበደ። የሚመጣው አንባቢ የድሮውን አራዳ ከገጽ ላይ ካልሆነ አያገኘውም። እያመሳከረ የሚያነብበት ቤት፣ «እዚህ ጋ ነበር» ብሎ የሚያሳየው ሽማግሌም እያነሰ ይሄዳል። ያኔ ልቦለዱን የሚያቆመው ጥበቡ ብቻ ነው።

የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» በዚህ ሚዛን ሲታይ ይቸገራል። በ2001 ዓ.ም. ከወጣ ጀምሮ ደጋግሞ ታትሟል፤ ልቦለድ ርቋቸው የነበሩ ወጣቶችን ወደ ንባብ መልሷል። የጣናን ገዳማትና የጠፈርን ሳይንስ በአንድ ሴራ ማሰሩ፣ ጥንታዊቷ አገር ከዘመኑ ዕውቀት ጋር እንድትታረቅ የሚመኝን ትውልድ ነክቷል። መጽሐፉን «የገበያ ሥራ» ብለው የሚያጣጥሉ ሐያስያን ይህን ናፍቆት አላዩትም። ነገር ግን ሻጊዝ ግርማውን በአብዛኛው የተዋሰው ከቅጣው እጅጉ ዝና ነው። ምሥጢር በምሥጢር ላይ ሲደራረብ ገጸ ባሕርያቱ ለመጠራጠር፣ ለመሳሳትና ለመለወጥ ጊዜ ያጣሉ። የውጭው ሰው ሲነሣ የውስጡ ይሳሳል።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፦ ከሦስቱ «ኦሮማይ» በአወቃቀሩ፣ «ሌቱም አይነጋልኝ» በአንደበቱ ይዘልቃሉ፤ «ዴርቶጋዳ» ግን በዋናነት የዘመኑ ምኞት ሰነድ ሆኖ ይኖራል። የሥነ ጽሑፍ መምህራን፣ የመጽሐፍ ውይይት አዘጋጆችና አንባቢዎች «ማን ነው?» ብለን ከጠየቅን በኋላ «እንዴት ተሠራ?» የሚለውንም እንጠይቅ። ደራሲዎቻችን ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ እያዘጋጁ እንዲጽፉ የሚያስገድዳቸው የእኛ ንባብ ነው።