የታሸገው መጽሔትና የመጨረሻው ገጽ

ኮሚክ የሚባለው በሥዕል የሚተረክ መጽሔት በዚህ የጥናት መጽሔት ላይ ምን ቦታ አለው ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት መምህራኖቻችን እንዲህ ያለውን ንባብ የሰነፍ ተማሪ ሥራ አድርገው ይቆጥሩት ነበርና፣ ርእሱን ከመምረጤ በፊት ጥቂት ቀን አመንትቻለሁ። ሆኖም እዚህ የማነሣው ኮሚክ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል የሚለውን የቆየ ክርክር አይደለም። ጥያቄዬ ስለ ሰብሳቢዎቹ ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የታተሙትን የሳይንስ ልብ ወለድና የጭራቅ ኮሚኮች ዛሬ በብዙ ገንዘብ የሚገዙ ሰዎች፣ አንዱን እትም ከሌላው የሚያበላልጡበት ሚዛን የሚመዝነው ሥራውን ነው ወይስ ወረቀቱን? (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌአለሁ።)

ወደዚህ ጥያቄ የመራኝ አንድ የተቀደደ ቅጂ ነው። በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ከባሕር ማዶ በስጦታ የመጣ ሣጥን ነበር፤ ከሰዋስው መጻሕፍትና ከአሮጌ አትላሶች ሥር ሽፋን የሌለው ኮሚክ አገኘሁ። በ1990ዎቹ እንደገና ከታተሙት አንዱ እንጂ ዋናው አልነበረም። በውስጡ «የፍርድ ቀን» የተባለ ሰባት ገጽ ታሪክ ነበረበት። ይህ ታሪክ መጀመሪያ የወጣው በ1953 በ«ዊርድ ፋንታሲ» ቁጥር 18 ሲሆን፣ ጽሑፉ የአል ፌልድስታይን፣ ሥዕሉም የጆ ኦርላንዶ ነው።

ታርልተን የሚባል ሰው ከመሬት ተነሥቶ ሮቦቶች ብቻ ወደሚኖሩባት ፕላኔት ይሄዳል። የተላከው ነዋሪዎቿ ወደ ታላቁ የጋላክሲ ሪፑብሊክ ለመግባት በቅተው እንደሆነ ለመመርመር ነው። ብርቱካናማዎቹ ሮቦቶች ተቀብለው አገራቸውን በኩራት ያስጎበኙታል። ሰማያዊዎቹ ግን በሌላ ሰፈር እንደሚኖሩ፣ በአውቶቡስም ከኋላ እንደሚቀመጡ እየቆየ ይረዳል። ሮቦቶቹ የሚሠሩበትን ፋብሪካ ሲያይ ደግሞ የሁለቱ ወገኖች የውስጥ ዕቃ አንድ ዓይነት ሆኖ ያገኘዋል፤ የሚለየው የውጪው ልባስ ብቻ ነው። ታርልተን ይህን ሁሉ ሲመለከት የራስ ቁሩን አያወልቅም፤ ፊቱም አይታይም።

በእኔ እጅ በገባው ቅጂ የታሪኩ መጨረሻ ያለበት ቅጠል ተገንጥሎ ጠፍቶ ነበር። ነገሩ ገብቶኛል ብዬ መጽሔቱን መለስሁት። ኮሌጅ ከገባሁ በኋላ ሙሉውን ሳነብ ግን፣ በመጨረሻው ሥዕል ላይ ታርልተን በመንኮራኩሩ ውስጥ ብቻውን ሆኖ ቁሩን ያወልቃል፤ ጥቁር ሰው ነው። ለካ እኔ ማንም ሳይነግረኝ የዚያን ሰው ፊት በሐሳቤ ነጭ አድርጌ ስዬው ኖሬአለሁ። ፌልድስታይን ወጥመዱን የዘረጋው ለነጭ አሜሪካዊ አንባቢ ነበር፤ እኔም ሐበሻው ከእርሱ እኩል ገባሁበት። ይህን ስጽፍ አሁንም ጥቂት ያሳፍረኛል።

እንግዲህ ያ አንድ ቅጠል ለምን ይህን ያህል እንደሚከብድ ለመረዳት ታሪኩን ያወጣውን ድርጅት ማወቅ ያስፈልጋል። ኢ.ሲ. የሚባለውን ማተሚያ ድርጅት ማክስ ጌንስ በ1944 ሲያቋቁመው ዓላማው ለልጆች ትምህርት የሚሰጡ ኮሚኮችን ማውጣት ነበር። እርሱ በ1947 በጀልባ አደጋ ሲሞት ልጁ ዊልያም ወረሰው፤ በ1950ም «ዊርድ ሳይንስ»ንና «ዊርድ ፋንታሲ»ን ከአስፈሪ ታሪኮች ጋር ማውጣት ጀመረ። የአንዱ ዋጋ 10 ሳንቲም ነበር። የታተሙትም በርካሽ የጋዜጣ ወረቀት ላይ ነው፤ እንዲህ ያለው ወረቀት ከእንጨት የሚሠራና አሲድ ያለበት በመሆኑ ከጊዜ ብዛት ይቢጫል፣ ይሰባበራል። ስለዚህ አንብቦ ለመጣል እንጂ ለመቶ ዓመት ታስቦ የተሠራ ዕቃ አልነበረም።

በዚያው ጊዜ በኮሚኮች ላይ ከባድ ዘመቻ ተነሣ። በ1948 በኒው ዮርክ ግዛት በቢንግሃምተን ከተማ ልጆች ኮሚኮችን ከምረው አቃጥለዋል። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ፍሬድሪክ ዌርተም በ1954 ባሳተመው መጽሐፍ ኮሚክ ልጆችን ወደ ወንጀል ይመራል አለ። (ካሮል ቲሊ የተባሉ ተመራማሪ የሐኪሙን ማኅደሮች መርምረው በ2012 እንዳሳተሙት፣ ዌርተም ከማስረጃዎቹ አንዳንዱን ለውጦና አዛብቶ አቅርቧል፤ የምርምር ዘዴ የሚማር ሁሉ ሊያነበው የሚገባ ነገር ነው።) በሚያዝያ 1954 የአሜሪካ ሴኔት ንኡስ ኮሚቴ ጉዳዩን ሲመረምር ጌንስ ራሱ ቀርቦ መሰከረ፤ አልተሳካለትም። በዚያው ዓመት አሳታሚዎቹ ራሳቸው የኮሚክ ደንብ አወጡ። ሙታን ተነሥተው የሚሄዱበት፣ ደም መጣጮች የሚታዩበት ታሪክ ተከለከለ፤ በደንቡ መሠረት ተመርምሮ ማኅተም ያላገኘውን መጽሔት ብዙ አከፋፋዮች አይቀበሉም ነበር።

የጌንስ የሳይንስ ልብ ወለድ መጽሔት ስሙን ለውጦ «ኢንክሬዲብል ሳይንስ ፊክሽን» ሆነ። ለቁጥር 33 የተዘጋጀ አንድ ታሪክ በመርማሪዎቹ ስለ ተጣለ በምትኩ «የፍርድ ቀን» እንደገና እንዲወጣ ተወሰነ። ጌንስና ፌልድስታይን በኋላ እንደተረኩት፣ የደንቡ ኀላፊ የነበሩት ዳኛ ቻርልስ መርፊ የጠፈር ተጓዡ ጥቁር መሆን የለበትም አሉ። ጌንስ ነገሩን ለጋዜጦች አወጣዋለሁ ብሎ ሲያስፈራራቸው፣ እንግዲያስ በፊቱ ላይ ያለው ላብ ይጥፋ አሉ። ጌንስ ይህንንም እንቢ ብሎ እንዳለ አሳተመው። ይህ እትም የጃንዋሪና የፌብሩዋሪ 1956 ቀን የያዘ ሲሆን፣ የድርጅቱ የመጨረሻ ባለቀለም ኮሚክ ሆነ። በሞንትጎመሪ ከተማ ጥቁሮች በአውቶቡስ አንሳፈርም ያሉት በዲሴምበር 1955 መሆኑን ላስታወሰ አንባቢ፣ ከአውቶቡሱ ኋላ የተቀመጡት ሰማያዊ ሮቦቶች የማንን ጉዳይ እንደሚናገሩ መግለጽ አያስፈልገኝም።

ወደ ሰብሳቢዎቹ ልመለስ። እነዚህን መጽሔቶች የመሰብሰብ ልማድ ወደ ገበያ ሥርዓት የተለወጠው በተለይ የኦቨርስትሪት የዋጋ መዝገብ በ1970 መውጣት ከጀመረ ወዲህ ነው። በ2000 ደግሞ ሲ.ጂ.ሲ. የሚባል ድርጅት ኮሚኮችን እየመረመረ እስከ 10 ነጥብ ይሰጥና በጠንካራ ፕላስቲክ ያሽግ ጀመር። መርማሪው የሚያየው የሽፋኑን ቀለም፣ የጀርባውን እጥፋት፣ የሽቦውን ዝገት፣ የገጾቹን ንጣት ነው። አንድ ጊዜ ከታሸገ በኋላ የሚታየው የፊትና የኋላ ሽፋን ብቻ ነው፤ ባለቤቱ ከፍቶ ሊያነብ ቢፈልግ ፕላስቲኩን መስበር አለበት፣ ሲሰብረውም ነጥቡ ይሰረዛል። በአገራችን የብራና መጽሐፍ ማኅደር ይሰፋለታል፤ መጽሐፉ ግን ከማኅደሩ ወጥቶ ይነበባል፣ ተነቦም ይመለሳል። ይህ የፕላስቲክ ማኅደር መመለሻ እንጂ መውጫ የለውም።

ለማንኛውም ዕቃ ቢሆን ይህ እምብዛም ላይጎዳ ይችላል፤ ቴምብር አይነበብም። የኢ.ሲ. ታሪኮች ግን በባሕርያቸው በመጨረሻው ገጽ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው። ፌልድስታይን የሚጽፈው መጨረሻው መጀመሪያውን እንዲገለብጥ አድርጎ ነው፤ ገጽ ካልተገለጠ ታሪኩ ገና አልተከናወነም። ስለዚህ የታሸገው «ዊርድ ፋንታሲ» ቁጥር 18 በእኔ አስተያየት ቅጠሉ ከጎደለው የትምህርት ቤታችን ቅጂ አይሻልም። በሁለቱም ታርልተን ቁሩን እንዳጠለቀ ነው።

ይህን ስል የኢ.ሲ. ሥራ ሁሉ ታላቅ ነው ማለቴ አይደለም። ጽሑፉ ይበዛል። ሠዓሊው እርሳሱን ከማንሣቱ በፊት ቃላቱ በመሣሪያ እየተቀረጹ በገጹ ላይ ስለሚሰፍሩ፣ ሥዕሉ የተረፈውን ቦታ ብቻ ያገኛል፤ አንዳንዴም በሥዕሉ የምናየውን ነገር ጽሑፉ ደግሞ ይነግረናል። መጨረሻውን የመገልበጡም ዘዴ በአሥረኛው ታሪክ ይለመዳል። ዋሊ ዉድ የሚስላቸው መንኮራኩሮች ግን፣ በቧንቧና በመዘውር የታጨቁት ክፍሎቹ፣ ደካማውንም ታሪክ ያነሡታል። የሬይ ብራድበሪ ነገር ደግሞ ያስቃል፤ ታሪኮቹን ሳያስፈቅዱ እየለወጡ ሲያወጡበት፣ ደራሲው ሳይቆጣ ክፍያው የዘገየ በማስመሰል በትሕትና ደብዳቤ ጻፈላቸው። ከዚያ በኋላ በውል እየከፈሉ አወጡለት፤ ከሁሉ የተሻሉት ታሪኮችም ከእነዚህ መካከል ይገኛሉ።

የጭራቆቹ ጉዳይ ሚዛኑ የተዛባ መሆኑን ይበልጥ ያሳያል። ከደንቡ በኋላ ስታን ሊና ጃክ ከርቢ በሚሠሩበት ድርጅት በየወሩ አንድ ግዙፍ ፍጡር መሬትን ሊወርር ይመጣ ነበር። በ1960 በ«ቴይልስ ቱ አስቶኒሽ» ቁጥር 13 የመጣው ግሩት የሚባል የዛፍ ጭራቅ ነው፤ አንድ ሳይንቲስት ምስጥ አራብቶ ያስበላዋል፣ ታሪኩም ያልቃል። ቀላል ጨዋታ ነው፤ ልጅ ሆኜ ባነበው ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ ግን ይህ እትም የሚፈለገው ለምስጡ ዘዴ ወይም ለከርቢ ሥዕል ሳይሆን፣ ግሩት በ2014 በሲኒማ ታዋቂ ስለሆነና ይህ «የመጀመሪያ መታያው» ስለሆነ ነው። በ1960 የተሠራን ነገር ዋጋ ከ54 ዓመት በኋላ የመጣ ፊልም ወሰነው ማለት ነው። በዚህ ዓይነት ሚዛን «የፍርድ ቀን» ምን ሊመዝን ይችላል? ታርልተን የመጀመሪያ መታያው የመጨረሻ መታያውም ነው።

በሌላ በኩል፣ ሰብሳቢ ባይኖር እኔም ይህን ባልጻፍሁ ነበር። ጌንስ ራሱ ከእያንዳንዱ እትም ጥቂት ቅጂ ጠቅልሎ ያስቀመጠ ሰብሳቢ ነበር፤ የሠዓሊዎቹንም ዋና ሥዕሎች ሳይጥል አቆይቷል። ራስ ኮክራን የተባለው ሰው ከእነዚያ ሥዕሎች ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መላውን የኢ.ሲ. ሥራ በጥራዝ አሳትሞ አወጣ፤ ከዚያም ርካሹ የ1990ዎቹ እትም ተከተለ፤ ከእርሱም አንዱ በሣጥን ተጭኖ እኛ ትምህርት ቤት ደረሰ። እነዚህም ሰዎች ሰብሳቢዎች ናቸው፤ ያከማቹት ግን ሌላው ሊያነበው በሚችል መንገድ ወጣ። አሽጎ የሚያስቀምጠውን ሰው የምነቅፈው ከእነርሱ ጋር አነጻጽሬ ነው እንጂ፣ መሰብሰብን ጠልቼ አይደለም።

ባለፈው ክረምት ወደ ትምህርት ቤቴ ተመልሼ ያንን ኮሚክ ጠይቄ ነበር። ሣጥኑ አሁንም አለ። የጎደለውን የመጨረሻ ገጽ ኮሌጅ ካለው ጥራዝ ፎቶ ኮፒ አንሥቼ ወስጄ ስለነበር፣ የቤተ መጻሕፍቱ ኀላፊ ፈቅደውልኝ በሙጫ አጣበቅሁት። ቀለም የለውም፤ ከሌሎቹም ገጾች ጥቂት ይሰፋል፣ ጠርዙም ወጣ ብሎ ይታያል።