የዶቃው ቀዳዳ

ክሩ የተበጠሰ የአንገት ዶቃ ሲመጣልኝ ቀድሞ ዐይኔ የሚያርፈው ቀዳዳው ላይ ነው። ቀለም ያታልላል። ዶቃውን ወደ ብርሃን አዙሬ ሳየው በውስጡ የቀሩት የአየር አረፋዎች ቀዳዳውን ከበው ከዞሩ፣ አንድ ሰው የቀለጠ ብርጭቆ በብረት ዘንግ ላይ እያዞረ ጠቅልሎታል ማለት ነው። አረፋዎቹ በቀዳዳው ርዝመት ከተዘረጉ ደግሞ ብርጭቆው እንደ ቱቦ ተስቦ ኋላ ተቆራርጧል። ዶቃው ሲቀዘቅዝ እንዲላቀቅ ዘንጉ ጭቃ ይቀባል፤ በአንዳንድ አሮጌ ዶቃ ቀዳዳ ውስጥ መርፌዬን የሚይዘው ሸካራ ነገር የዚያ ቅሪት ነው።

በዘንግ ላይ መጠቅለሉን የጥንት ግብፃውያንም ይሠሩበት ነበር። ብርጭቆን የድሃ ጌጥ የሚያደርጉ ሰዎች የቱታንክሃሙንን የወርቅ ጭምብል ቢያዩ ደስ ይለኛል፤ የራስ መሸፈኛው ሰማያዊ መስመሮች ብርጭቆ ናቸው፣ ከ3,300 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። የግብፅ ብርጭቆ ወደኛም መጥቷል። በአንደኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የቀይ ባሕር ነጋዴዎች መመሪያ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል የግብፅ ከተማ የነበረችውን የዲዮስፖሊስን ብርጭቆ ይጠቅሳል።

በእኛ ዘንድ ያሉት አሮጌ ዶቃዎች ግን ብዙዎቹ የአውሮፓ ሥራ ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዶቃ በምጽዋ በኩል ይገባ ነበር፤ ከምጽዋ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ደግሞ የጁቤ አጠገብ ባለው በባሶ ገበያ ከዓባይ ማዶ ከሚመጣው ጋር ይገናኝ ነበር። በዚያው ገበያ ቡናና ዝባድ ብቻ ሳይሆን ሰውም ይሸጥ ነበር። ስለ አሮጌ ዶቃ ውበት ሲወራ ይህ እንዲዘለል አልፈልግም።

ወደ ክሩ ልመለስ። ብዙ ደንበኞች «በናይለን አድርጊልኝ፣ አይበጠስም» ይሉኛል። እኔ የጥጥ ፈትል ደርቤ፣ አክርሬ፣ ሰም አሽቼ ነው የምሰካው። ሰሙ ፈትሉን ያለሰልሰዋል፣ የብርጭቆው ስለታም ጠርዝም ቶሎ አይበላውም። ከማርትሬዛ ብር የተሠራ ጌጥ መሐል ከገባ በሁለቱም ወገን እቋጥራለሁ፤ ብሩ በእርምጃ ቁጥር ብርጭቆውን ሲመታው ከቀዳዳው አፍ ይሸርፈዋል። ልጅ አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ሲስበው ጥጡ ይበጠሳል፣ ዶቃው ይበተናል፣ ተለቅሞ እንደገና ይሰካል። ናይለኑ ግን እምቢ ብሎ ዶቃውን ይሰነጥቀዋል፤ የተሰነጠቀውን የሚተካ ሠሪ ደግሞ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የለም።