«ወረደ» እና «አወረዱት»፦ የሚንገዳገድ ክለብ በ«ፉትቦል ማኔጀር» ቋንቋ

«ፉትቦል ማኔጀር» የእግር ኳስ ጨዋታ ይባል እንጂ የሚጫወተው ሰው ኳስ አይመታም። ያነብባል፣ ይመርጣል፣ ውጤቱን ይጠብቃል። ወንድማማቾቹ ፖል እና ኦሊቨር ኮልየር የጀመሩት ሥራ በ1992 «ቻምፒየንሺፕ ማኔጀር» በሚል ስም ለአሚጋና ለአታሪ ኮምፒውተሮች ሲወጣ፣ ግጥሚያው ለዓይን የሚቀርበው በአጫጭር የጽሑፍ መስመሮች ነበር። ሜዳውን ከላይ የሚያሳየው ምስል የመጣው በ2003 ነው፤ ባለ ሦስት ገጽታው ምስል ደግሞ በ2009ኙ ዕትም ገባ። የሥራው ባለቤት ስፖርትስ ኢንተራክቲቭ ከቀድሞ አሳታሚው ከኤይዶስ ተለይቶ ከሴጋ ጋር መሥራት ሲጀምርም፣ ከ2005ቱ ዕትም አንሥቶ ስሙ ተለወጠ እንጂ የሥራው ባሕርይ አልተለወጠም። ምስሉ የቱንም ያህል ቢያምር ከአንዱ ግጥሚያ እስከ ሌላው ያለው ጊዜ በመልእክት፣ በሪፖርት፣ በጋዜጣዊ መግለጫና በቁጥር ሰንጠረዥ የተሞላ ነው። ስለዚህ ሥራውን እንደ ጽሑፍ መመርመር ተገቢ ነው።

የሚከተለው ሒስ የሚያተኩረው በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ ይኸውም ጨዋታው በመንገዳገድ ላይ ያለን ክለብ በምን ዓይነት ቋንቋ ይተርካል የሚል ነው። በኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠው ሰው «አሰልጣኙ» ይባላል፤ «ተጫዋች» የሚለው ቃል ኳስ ለሚጫወተው ብቻ ይቆያል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው። ጨዋታው በአማርኛ አልተዘጋጀም። ይሁን እንጂ የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ከአማርኛ የእግር ኳስ አነጋገር ጎን ማስቀመጥ፣ አንዱ ብቻውን ሲነበብ የማይታየውን ነገር ያሳያል።

መውረድና አውራጁ

«ተንገዳገደ» የሚለው ግስ ለጉዳዩ የተመቸ ነው። ተን- የሚለውን መነሻ የያዘ፣ ድግግሞሽ ያለበት፣ ወዲያና ወዲህ ማለትን የሚገልጽ ግስ ነው። የሚንገዳገድ ሰው ገና አልወደቀም። ጨዋታው በዚህ ወቅት ላይ ሲደርስ ከሁሉ የበለጠ ኃይሉን ያሳያል፤ አንድ ነጥብ ትርጉም ያገኛል፣ በውሰት የመጣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ተከላካይ የክለቡ ዕጣ ይሆናል፣ የግብ ክፍያ እንደ ዳዊት ይደገማል።

ከመንገዳገዱ በኋላ የሚመጣው ግስ ግን ልዩነት ያሳያል። እንግሊዝኛው የክለብን መውረድ የሚናገረው በተገብሮ ግስ ነው፤ ክለቡን ወደ ታች ያደረገ አንድ አካል እንዳለ ቅርጹ ይጠቁማል፣ አካሉ ግን አይጠራም። አማርኛ «ክለቡ ወረደ» ይላል። ይህ ሰው ከደረጃ፣ ውሃም ከተራራ የሚወርድበት ተራ ግስ ነው። «ወራጅ ቀጠና» የሚለው ሐረግም የተሠራው ከዚሁ ግስ ባለቤት ስም ነው፤ በአዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ!» ሲባል የሚሰማው ቃል ራሱ ነው። ወራጁ በራሱ እግር ይወርዳል። አድራጊ ካስፈለገ ግሱ አ- ን ጨምሮ «አወረዱት» መሆን አለበት፤ ያን ጊዜ ደግሞ አውራጆቹ እነማን እንደሆኑ ቢያንስ በግሱ ላይ ያለው ባለቤት አመልካች ይናገራል።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ የሉተን ታውን ታሪክ ያስረዳል። ክለቡ የ2008–09ን የውድድር ዘመን በአራተኛው እርከን የጀመረው ከ30 ነጥብ ቅጣት ጋር ነው፤ 10ሩ ከተጫዋቾች ወኪሎች ክፍያ ጋር በተያያዘ፣ 20ው ደግሞ ክለቡ ከፋይናንስ አስተዳደር በወጣበት መንገድ ምክንያት የተጣለ ነበር። በ46 ጨዋታ ሜዳ ላይ የሰበሰበው ነጥብ ቅጣቱ ባይኖር ኖሮ ከመውረድ ያድነው ነበር። በዚያው ዓመት በዌምብሌይ የሊጉን ትሮፊ አነሣ፤ በዚያው ዓመት ወረደ። «ሉተን ወረደ» እና «ሉተንን አወረዱት» የሚሉት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ስለ አንድ ሰንጠረዥ ሁለት የተለያየ ነገር ይናገራሉ፤ የአማርኛ ተናጋሪም ከሁለቱ አንዱን ሳይመርጥ ወሬውን ማውራት አይችልም። የጨዋታው ጽሑፍ ግን ለሁሉም መውረድ አንድ ዓይነት ዜና ይሰጣል። በስንፍና የወረደውም፣ በዕዳ የወረደውም፣ በቅጣት የወረደውም በአንድ ቅርጽ ተጽፎ ያልፋል።

የቦርዱ ሥጋትና የአሰልጣኙ ስንብት

ክለቡ በተከታታይ ሲሸነፍ ቦርዱ መናገር ይጀምራል። መጀመሪያ የሚመጣው ቦርዱ መሥጋቱን የሚገልጽ መልእክት ነው፤ ነገሩ ከከፋ አሰልጣኙ ስብሰባ ይጠራና በሚቀጥሉት ጥቂት ግጥሚያዎች ይህን ያህል ነጥብ እንዲያመጣ ይጠየቃል። በእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሥጋቱ የቦርዱ ጠባይ ሆኖ ይቀመጣል። አማርኛም «ቦርዱ ሠግቷል» ማለት ይችላል፤ ነገር ግን የተለመደው የስሜት አገላለጽ ስሜቱ የደረሰበትን ሰው ተሳቢ፣ ምክንያቱን ደግሞ ባለቤት ያደርጋል። «ቦርዱን ውጤቱ አሳስቦታል» ሲባል የምክንያቱ ቦታ ክፍት ሆኖ አንድ ነገር እንዲገባበት ይጠብቃል። ውጤቱ ነው ወይስ ደመወዙ? ጨዋታው ቦርዱ የተከፋባቸውን ነጥቦች በዝርዝር ስለሚያስቀምጥ መረጃው አለ፤ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ግን አይገባም። አሰልጣኙ ስሜቱን በአንድ ገጽ፣ ምክንያቱን በሌላ ገጽ ያነብባል።

የመጨረሻው ቃል «ተሰናበተ» ነው። የአማርኛ የስፖርት ዜና ከ«ተባረረ» ይልቅ ይህን የሚመርጠው ለጨዋነት ብቻ አይደለም። «ተሸነፈ» ከ«አሸነፈ» ጋር ሲጣመር ትርጉሙ ተገብሮ ብቻ ነው። «ተሰናበተ» ግን ከ«አሰናበተ» ጋር ሲጣመር «አሰናበቱት» ማለትም «ደኅና ሁኑ ብሎ ሄደ» ማለትም ይሆናል። አንድ ግስ የተገፋውንና በፈቃዱ የሄደውን በእኩል ክብር ያስወጣል። ጨዋታውም ከዚህ የራቀ አይደለም። አሰልጣኙ ከሥራው ቢሰናበት ጨዋታው አያልቅም፤ ሻንጣውን ይዞ ለሌላ ክለብ ያመለክታል። ከዚህ ላይ የሥራው ትልቁ የአመለካከት ምርጫ ይታያል፤ ጉዳዩ በስተመጨረሻ ይነሣል።

የግምት ቋንቋ

ገንዘብ የሌለው ክለብ ተጫዋች የሚገዛው በግምት ነው። ጨዋታው የተጫዋቾችን ችሎታ ከ1 እስከ 20 በሚደርሱ ቁጥሮች ያስቀምጣል፤ በቅጡ ያልተጠና ተጫዋች ቁጥር ግን ተሸፍኖ ወይም በሁለት ወሰኖች መካከል ተቀምጦ ይታያል። ክፍተቱን የሚሞላው የመልማዩ ሪፖርት ነው፤ ሪፖርቱም በይሆናል የተሞላ ነው። ለአማርኛ ይህ ሀብት ያለው መስክ ነው። «ጎበዝ ይመስላል»፣ «ጎበዝ ሊሆን ይችላል» እና «ጎበዝ ሳይሆን አይቀርም» የተለያየ የእርግጠኝነት ደረጃ አላቸው፤ ሦስተኛው በሁለት አሉታ ተሠርቶ ከሁሉ የጠነከረውን ግምት ይሸከማል። የእንግሊዝኛው ሪፖርት ተመሳሳይ ደረጃዎችን በረዳት ግሶች ለመለየት ይሞክራል። ይሁንና ቃሉና ቁጥሩ በአንድ ገጽ ላይ ስለሚቀመጡ አሰልጣኙ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቃሉን ትቶ ቁጥሩን ብቻ ማንበብ ይለምዳል። ይህ የሥራው ጉድለት ነው። የተሻለውን ጽሑፍ በመልማዮቹ ሪፖርት ውስጥ ካስቀመጠ በኋላ፣ ጽሑፉን ለማንበብ የሚያስገድድ ምክንያት ያሳጣል።

ግሱ መጨረሻ ላይ ሲመጣ

የቀድሞዎቹ ዕትሞች ኃይል ከአንድ ቀላል ዘዴ የመነጨ ነበር። አንድ መስመር ይመጣል፣ ይቆያል፣ ቀጣዩ መስመር ውጤቱን ይናገራል። በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ዝምታ ከማንኛውም ምስል የበለጠ ልብ ይሰቅላል። እንግሊዝኛ ግሱን ቀድሞ ስለሚናገር ጥርጣሬውን ለማቆየት ዓረፍተ ነገሩን ለሁለት መክፈል አስፈልጎታል። አማርኛ ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይፈጽማል። «ኳሱን ተቀብሎ፣ ተከላካዩን አልፎ፣ ወደ ግቡ አክርሮ መትቶ ከመረብ…» እስኪባል ድረስ ማሰሪያ አንቀጹ «አሳረፈው» ይሁን «ለጥቂት ሳያሳርፈው ቀረ» አድማጩ አያውቅም። የቦዝ አንቀጾቹ ድርጊቱን ይደረድራሉ፤ ፍርዱ ከመጨረሻው ግስ ጋር ይመጣል። እንደ ደምሴ ዳምጤ ያሉ የራዲዮ ጋዜጠኞች ሜዳውን ላላየ ሕዝብ ጨዋታ ሲያስተላልፉ የሠሩበት መሣሪያ ይኸው የዓረፍተ ነገር ቅርጽ ነው። ስለዚህ የጽሑፍ ስርጭቱ በምስል መተካቱ ለእንግሊዝኛው የቴክኒክ እድገት ይባል ይሆናል፤ በአማርኛ ቢዘጋጅ ኖሮ ግን ከሁሉ የተመቸውን ክፍል መጣል ይሆን ነበር።

አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ

ጨዋታው አሰልጣኙን የሚጠራው በአንድ ተውላጠ ስም ነው። የቦርዱ ሊቀ መንበር፣ አምበሉ፣ ጋዜጠኛውና በቁጣ ወደ ቢሮ የገባው ተቀያሪ ሁሉ በአንድ «ዩ» ይናገራሉ። በአማርኛ እያንዳንዱ ግስ ጾታንና አክብሮትን ይመርጣል። ሊቀ መንበሩ «እርስዎ» ብሎ የጀመረው መልእክት ከአምስት ሽንፈት በኋላ ወደ «አንተ» ቢወርድ፣ ምንም ሌላ ቃል ሳይጨመር ማስጠንቀቂያው ይደርሳል። ተቃራኒውም ይሠራል፤ ሁልጊዜ «አንተ» ይል የነበረ ሰው በድንገት «እርስዎ» ካለ መቀራረቡ ማብቃቱን መጠርጠር ይገባል። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ይህን ለውጥ ለማሳየት ቅጽል ይደረድራል።

የሴቶች እግር ኳስ በ2026ቱ ዕትም ከገባ ወዲህ ጉዳዩ የበለጠ ተግባራዊ ሆኗል። የእንግሊዝኛው ዜና ባዶ ቦታ ትቶ ስም ማስገባት ብቻ ይበቃዋል። በአማርኛ «አስቆጠረ» እና «አስቆጠረች»፣ «ውል ሰጠው» እና «ውል ሰጣት» ተለያይተው መጻፍ አለባቸው፤ ስሙ የሚገባበት ባዶ ቦታ የግሱን ባለቤትና ተሳቢ አመልካች ጭምር ማወቅ አለበት። ስለዚህ ጨዋታውን ወደ አማርኛ ለመመለስ ከቃላት ፍለጋ በፊት የሚቀድመው የስምምነት ሥርዓቱን ማዘጋጀት ነው።

ቋንቋ እንደ ንብረት

ለቋንቋ ምሁራን ልዩ ትኩረት የሚገባው አንድ ገጽታ አለ። ጨዋታው ለተጫዋቾች የሚችሏቸውን ቋንቋዎች ይመዘግባል፤ የአገሩን ቋንቋ የማያውቅ አዲስ መጤ ከቡድኑ ጋር ለመዋሐድ ይዘገያል፤ አሰልጣኙም ወደ ቋንቋ ትምህርት ሊልከው ይችላል። ለሚንገዳገድ ክለብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በጥር የመጣ ርካሽ ተከላካይ እስከ ግንቦት ከጎኑ ካለው ጋር ካልተግባባ ክለቡ ይወርዳል። ቋንቋ የሜዳ ጉዳይ መሆኑን መቀበሉ የሥራው በጎ ጎን ነው። ጉድለቱ ቋንቋን ወይ ያለህ ወይ የሌለህ ንብረት አድርጎ ማየቱ ነው። በአንድ መልበሻ ክፍል ሁለትና ሦስት ቋንቋ በሚሰማበት በአፍሪካ ቀንድ፣ ተጫዋቾች «ሳጥን»፣ «ኮርና»፣ «ኮች» እያሉ ከየቋንቋው በተውጣጡ ጥቂት ቃላት ዘጠና ደቂቃ ይግባባሉ። ሙሉ ቋንቋ ከመልመድ በፊት የሚመጣው ይህ የሜዳ ቋንቋ በጨዋታው ውስጥ ቦታ የለውም።

የጠፋው «እኛ»

በጨዋታው ላይ ዘወትር የሚነሣው ወቀሳ የመደጋገም ነው፤ ጋዜጠኞቹ አንድ ጥያቄ ደጋግመው ይጠይቃሉ፣ አሰልጣኙም ከተዘጋጁ መልሶች አንዱን ይመርጣል፣ በመጨረሻም መግለጫውን ለምክትሉ ትቶ ይገላገላል። ወቀሳው እውነት ቢሆንም ኢላማውን ይስታል። የእውነተኛው ጋዜጣዊ መግለጫ ቋንቋም የተደጋገመ ነው፤ «ቀጣዩ ጨዋታ ላይ እናተኩራለን» የማይል አሰልጣኝ የለም።

ከባዱ ጉድለት ሌላ ቦታ ነው። ደጋፊዎች በጨዋታው ውስጥ የተመልካች ቁጥር፣ የእምነት መለኪያና አጫጭር አስተያየት ሆነው ይገኛሉ። የሚናገሩት ስለ ትናንቱ ውጤት ነው፤ ስለ አባታቸው ዘመን አይናገሩም። ደጋፊ ግን ክለቡ ሲወርድ «ክለቡ ወረደ» አይልም፤ «ወረድን» ይላል። በዚህ አንድ ቃል ውስጥ አሰልጣኙ የለም፣ ቦርዱም የለም።

በሪ የተባለው የእንግሊዝ ክለብ የተመሠረተው በ1885 ነው። በ1900ና በ1903 የኤፍኤ ዋንጫን አንሥቷል። በ2019 የጸደይ ወራት ከአራተኛው እርከን ወደ ሦስተኛው አደገ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ 27 ቀን በገንዘብ ችግሩ ምክንያት ከሊጉ ተሰረዘ። በሜዳ ላይ አልተንገዳገደም ነበር፤ የጨዋታው ቋንቋ እንደሚያስተምረው ከሆነ አሰልጣኙ ተልእኮውን ፈጽሟል፣ የሥራ ታሪኩም አምሮ ይመዘገባል። ደጋፊዎቹ ግን ቅዳሜ የሚሄዱበት ቦታ አጡ። አሰልጣኙ የዓረፍተ ነገሮች ሁሉ ባለቤት በሆነበት ትረካ ውስጥ ይህ ጥፋት የሚነገርበት ግስ የለም፤ እርሱ ሌላ ክለብ ያገኛልና።

ይህ ማለት ሥራው ደካማ ነው ማለት አይደለም። ቁጥርን ወደ ታሪክ፣ ሰንጠረዥን ወደ ጭንቀት የመለወጥ ችሎታው በዓይነቱ ብርቅ ነው፤ ሰው በአራተኛ እርከን ላለ፣ አይቶት ለማያውቀው ክለብ ሌሊቱን እንዲቀመጥ ማድረጉ ለዚህ በቂ ምስክር ነው። ነገር ግን የሚንገዳገድ ክለብ ታሪክ የአንድ ሰው የሥራ ታሪክ ብቻ ሆኖ ሲጻፍ ግማሹ ይጎድላል። አንድ ቀን ጨዋታውን ወደ አማርኛ ወይም ወደ ሌላ የአካባቢው ቋንቋ የሚመልስ ሰው ቢነሣ፣ ሥራው ለ«ቦርድ»ና ለ«ውሰት» ቃል በማግኘት አይፈጸምም፤ እነዚያ ቃላት በስፖርት ገጾቹ ላይ አሉ። የሚቀረው በስታዲየም ደረጃዎች ላይ የሚነገሩትን ግሶች፣ ከነባለቤት አመልካቻቸው፣ መሰብሰብ ነው። «ወረድን» ከእነርሱ አንዱ ነው፤ «ተረፍን» ሌላው ነው።